የማንጎ ችግኝ የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት፦ ገረዛና ክብካቤ

በየዓመቱ ክረምት ሲቃረብ በቆላና በወይና ደጋ የሚገኙ ሰበካ ጉባኤያት የማንጎ ችግኝ እንዲሰጣቸው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚያስደስት ነው። ማንጎ አንድ ጊዜ በሚገባ ከጸደቀ ከተካዩ ዕድሜ በኋላ ለልጅና ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዛፍ ነው። ፍሬው በብዙ ስፍራ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦትና ሰኔ ስለሚደርስ ዐቢይ ጾምን ያገኛል፤ ለአብነት ተማሪ፣ ለአረጋዊ መነኩሴ፣ ለነዳያንም መልካም ምግብ ይሆናል፤ የተረፈው ይሸጣል። ነገር ግን ከተከላው አራትና አምስት ዓመት በኋላ ወደ ስፍራው ስንመለስ በብዛት የምናገኘው ከሁለት አንዱን ነው። አንዳንዱ ጉድጓድ ባዶውን ቀርቷል። በሌላው ደግሞ ከቤት ጣሪያ በላይ የወጣ፣ እንደ ባሕር ዛፍ ሽቅብ የተመዘዘ፣ ቅርንጫፉ ጥቂት፣ ፍሬውም በጣት የሚቆጠር ዛፍ ቆሟል። ለመጀመሪያው ጉዳት ድርቅና ፍየል ይወቀሳሉ። ሁለተኛውን ግን ሰው እንደ ጉዳት አይቆጥረውም፤ «ዝርያው ነው» ተብሎ ይታለፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ከዝርያው አይደለም። ዛፉ ገና በለጋነቱ መገረዝ ሲገባው መቀስ ሳይነካው ስላደገ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከተከላው ይልቅ ከተከላው በኋላ ስላሉት ሦስት ዓመታት፣ በተለይም ስለ ገረዛ በስፋት እንናገራለን። የማንጎ የወደፊት ቅርጽና የፍሬው መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ዓመታት ነውና።

በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የበቀለን ዛፍ በምላጭ መንካት በብዙ አጥቢያ የሚያስፈራ ነገር ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። በብዙ የአገራችን ክፍል ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ተጠብቆ የቆየው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ሲሆን፣ ያን ደን ለዛሬ ያደረሰው ይኸው ፍርሃት ነው። ጥንታዊው ደን እንደተከበረ ይኑር። ማንጎ ግን የአትክልት ስፍራ ተክል እንጂ የደን ዛፍ አይደለም፤ እንደ ወይንና እንደ ቡና በሰው እጅ የሚታረምና የሚቀና ነው። ቡና አብቃይ በሆኑ አካባቢዎች ያረጀን ቡና መጐንደል ማንንም አያስደነግጥም፤ የማንጎ ገረዛም ከዚያ የራቀ ሥራ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን ስለ ወይን ግንዱና ስለ ገበሬው ሲያስተምር፣ ገበሬው በሚያፈራው ቅርንጫፍ ላይ የሚፈጽመውን ሥራ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ማጥራት» በሚል ግስ ይገልጠዋል። ልብ እንበል፤ ይህ የሚደረገው አብዝቶ እንዲያፈራ ለሚፈለገው ቅርንጫፍ ነው። ይህን ምዕራፍ በዐውደ ምሕረት የሚተረጕም ካህን ግብሩን በአጥቢያው አትክልት ውስጥ ቢያሳይ የሚደናገር ምእመን አይኖርም። እንዳየነውም የባለሙያ ረጅም ማብራሪያ ከሚያደርገው ይልቅ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ በገዛ እጃቸው የገረዙት አንድ ችግኝ የሕዝቡን ስጋት ያስወግዳል።

ማንጎ እንዴት ያድጋል

ገረዛን ለመረዳት የማንጎን ሁለት ጠባያት ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አስተዳደጉ ነው። ማንጎ ሳያቋርጥ አያድግም፤ ያድጋል፣ ያርፋል፣ እንደገና ያድጋል። ለሳምንታት ጸጥ ብሎ ይቆይና በድንገት ከጫፉ ለስላሳ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ቀላ ያለ ወይም ነሐስ የመሰለ ቅጠል ያወጣል። ያም ቅጠል ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ይለመልማል፣ ይጠነክራል፤ ከዚያም ዛፉ ያርፋል። አንዱ የእድገት ዙር ሲፈጸም በቅርንጫፉ ጫፍ አጠገብ ቅጠሎች ተጠጋግተው ቀለበት የመሰለ ክብ ይሠራሉ። የሚቀጥለው ዙር ከዚያ ቀለበት በላይ ይጀምራል። እንግዲህ የአንድን ችግኝ ግንድ ከታች ወደ ላይ በጣታችን ብንዳስስ ቀለበት፣ ቀጥሎ ባዶ ቁመት፣ ቀጥሎ ሌላ ቀለበት እናገኛለን። የት እንደምንቆርጥ የሚነግረን ይህ ቀለበት ስለሆነ ከወዲሁ ይታወቅ።

ሁለተኛው ጠባይ የአበባው ስፍራ ነው። የማንጎ አበባ በተለምዶ የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ነው፤ ያውም በደንብ ከበሰለ ጫፍ። ስለሆነም አንድ ማንጎ ምን ያህል ሊያፈራ እንደሚችል የሚያመለክተው የጫፎቹ ብዛት እንጂ ቁመቱ አይደለም። ሳይገረዝ ሽቅብ የሄደ ችግኝ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጫፍ ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በሥርዓት የተገረዘው ግን ከ1 ግንድ 3 ቅርንጫፍ፣ ከ3ቱ 9፣ ከ9ኙ 27 ጫፍ ያወጣል፤ ይህም ሁሉ ሰው ቆሞ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ከፍታ ነው።

የከፍታው ነገር ቀላል አይደለም። ረጅም ማንጎ በድንጋይና በዱላ ይወርዳል። መሬት የወደቀ ፍሬ ቆዳው ባይፈርስ እንኳ ውስጡ ተቀጥቅጦ ገበያ ሳይደርስ ይበሰብሳል። ዛፉ ላይ የሚወጡትም ልጆች ናቸው፤ የማንጎ ቅርንጫፍ ደግሞ ልጅን ሊጥል የሚችል ተሰባሪ ነው። አጭር ዛፍ ያለው ቤተሰብ ፍሬውን ከነእንጀቱ በመቀስ ቆርጦ በቅርጫት ያወርዳል።

ስለ ስፍራውና ስለ ተከላው በአጭሩ

ማንጎ ሙቀት ይወዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በታች ባሉ ስፍራዎች በምቾት ያድጋል፤ እስከ 1,800 ሜትር ድረስም ያፈራል። ከዚያ በላይ ዛፉ ቢቆምም አበባውን ብርድ ይጎዳዋል። የደጋ አጥቢያዎች ማንጎ ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ፖም ቢያስቡ ይሻላቸዋል።

ፀሐይ በደንብ በሚያገኝ ስፍራ፣ ከደኑ ጥላ፣ ከመቃብር ስፍራና ከሕንፃ ግድግዳ ርቆ ይተከል። በዛፍና በዛፍ መካከል ለሚገረዝ ማንጎ ከ6 እስከ 8 ሜትር ይበቃል። ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የላዩ አፈር ከበሰለ ብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ይመለስ፤ ፕላስቲኩ ይወልቅ፤ ችግኙ በከረጢቱ ውስጥ ከነበረው ጥልቀት በላይ አይቀበር። በተለይ የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ፣ ማለትም በተራ ማንጎ ግንድ ላይ የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ የተለጠፈበት ከሆነ፣ ልጣፉ ያለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ መታየት አለበት።

የመጀመሪያው ቁርጥ

ችግኙ ሥር ሰዶ፣ ቢያንስ አንድ ዙር አዲስ ቅጠል አውጥቶ፣ ቁመቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ሲደርስ ራሱ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ከመሬት ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ማለትም ከሰው ጉልበት ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ውኃ ተሸክመው ያሳደጉትን ችግኝ ሲሦውን መጣል ይከብዳቸዋል፤ «ትንሽ ይደግ፣ የከርሞ ሰው ይበለን» ይላሉ። ከርሞ ግን ግንዱ ወፍሯል፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፍም ከሰው ራስ በላይ ወጥቷል።

ምላጩ የሚያርፍበት ስፍራ ከቁመቱ እኩል ያስባል። ቀደም ሲል የጠቀስነው የቅጠል ቀለበት ብዙ ዐይኖች በአንድነት የታጨቁበት ስፍራ ነው። ከቀለበቱ በላይ ብንቆርጥ እነዚያ ዐይኖች በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበዙ ቀጫጭን ቡቃያዎች ከአንድ ነጥብ ይፈነዳሉ። ለዐይን ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአንድ ነጥብ የወጡ ቅርንጫፎች ሲወፍሩ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ፍሬ በከበዳቸው ዓመት ከመጋጠሚያቸው ይሰነጠቃሉ። ከቀለበቱ በታች፣ ባዶው ቁመት ላይ ብንቆርጥ ግን ከዚያ በታች ያሉት ዐይኖች የተራራቁ ስለሆኑ ቡቃያዎቹ በቁጥር ያንሳሉ፣ በጥንካሬ ይበልጣሉ፣ ከግንዱም ሰፋ ባለ ማዕዘን ይወጣሉ። ስለዚህ ከተባለው ቁመት አቅራቢያ ያለውን ቀለበት መፈለግና ከሥሩ መቁረጥ ነው። ከቁርጡ በታች ጥቂት ጤናማ ቅጠሎች መቅረት አለባቸው፤ አዲሱ ቡቃያ ራሱን እስኪችል ድረስ ችግኙን የሚመግቡት እነርሱ ናቸው።

ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ባለበት ጊዜ ፈጽሞ አይቆረጥም። ችግኙ ያጠራቀመውን ኃይል ለዚያ ቅጠል አውጥቷል፤ ቅጠሉ ደግሞ ገና ምንም አልመለሰለትም። ቅጠሉ ጠቁሮ ሲለመልም፣ በእጅ ሲታጠፍም ቀጨጭ የሚል ድምፅ ሲሰጥ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ለለጋ ችግኝ የክረምቱ መግቢያና የመስከረም መጀመሪያ የተመቹ ናቸው፤ በኃይለኛ ዝናብ ቀን ግን ቁስሉ ለሻጋታ ስለሚጋለጥ ረፋድ ላይ ጤዛው የረገፈበትን ደረቅ ቀን መምረጥ ይገባል። በድርቅ የተጠማ ችግኝም አይገረዝ።

መሣሪያው ስለታም የዛፍ መቀስ ነው፤ ለወፈረ ቅርንጫፍ ትንሽ መጋዝ ይጨመራል። ገጀራና መጥረቢያ ግንዱን ይሰነጥቃሉ፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ከዛፍ ወደ ዛፍ ስንሸጋገር መቀሱን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በተበጠበጠበት እየነከርን ብናጸዳ በሽታ አናዛምትም፤ ሥራው ሲያበቃ ግን መቀሱ ታጥቦ ዘይት ይቀባ፤ በረኪና ብረት ይበላል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ከተቆረጠ ማንጎ የሚፈልቀው ፈሳሽ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዐይን ከገባም ክፉኛ ይጎዳል። ሕፃናት አጠገብ አይቁሙ፤ የነካው ሰው ወዲያው በሳሙና ይታጠብ።

ከተቆረጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቡቃያዎች ብቅ ይላሉ። ጣት እስኪያክሉ ይጠበቁና ሦስቱ፣ ቢበዛ አራቱ ይመረጣሉ። የሚመረጡት በተለያየ አቅጣጫ የሚያዩ፣ አንዱ ከሌላው በቁመት ጥቂት የተራራቁ፣ ሽቅብ ያልቆሙ ናቸው። የቀሩት ገና ለስላሳ ሳሉ በእጅ ይነቀላሉ። ጥሩ የሆነ ነገር ግን ሽቅብ የወጣ ቅርንጫፍ ቢኖር በገመድ ወደ ጎን ተስቦ ከችካል ጋር ለጥቂት ወራት ቢታሰር ይቀናል፤ ገመዱ ቆዳውን እንዳይበላው በጨርቅ ይጠቅለል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚቀርብ አንድ አቤቱታ እናንሣ። «አፕል ማንጎ ተብሎ የተሰጠን ችግኝ ቃጫ የበዛበት ተራ ማንጎ አፈራ» የሚሉ አሉ። አንዳንዴ ችግኝ አቅራቢው ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው። ከልጣፉ ጠባሳ በታች የሚወጣ ቡቃያ ሁሉ የሥረኛው የተራ ማንጎ ነው፤ ከላይኛው ፈጥኖ ያድጋል፣ ያስከነዳዋል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል። ባለቤቱም ችግኙ ስለለመለመ ይደሰታል። ከጠባሳው በታች የወጣ ማናቸውም ቡቃያ በታየበት ቀን መነቀል አለበት፤ ይህ በሦስቱም ዓመታት የማይቋረጥ ሥራ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁርጥ በዚሁ ሥርዓት ይፈጸማል። የተመረጡት ቅርንጫፎች ከግንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲረዝሙና ቅጠላቸው ሲጠነክር ጫፋቸው ከቀለበቱ በታች ይቆረጣል፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ይተዋል። እነዚያም ሲደርሱ እንደገና። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወደ ውስጥ የሚያድገውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ የደረቀውንና መሬት የሚነካውን ማንሣት ብቻ ነው። ዝርያዎችም በጠባይ ይለያያሉ፤ ኬንት ሽቅብ ይወዳል፣ ኪት ደግሞ ረጃጅምና የተለጠጡ ቅርንጫፎች ስለሚያወጣ ደጋግሞ ማሳጠር ይፈልጋል። የዛፉ መካከል ብርሃን የሚገባበት ይሁን፤ ነገር ግን ግንዱ ለጠራራ ፀሐይ እስኪጋለጥ ድረስ አይራቆት። ከተጋለጠ በውኃ የተበጠበጠ ኖራ ይቀባ።

የመጀመሪያው አበባ

የተዳቀለ ማንጎ በተተከለበት ዓመት፣ አንዳንዴም ገና በችግኝ ጣቢያ ሳለ ያብባል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ጎረቤት ይጠራል። እኛ ግን ያንን አበባ አንሡት እንላለን፤ እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስም ፍሬ አይያዝበት። አንድ ፍሬ ለማሳደግ ለጋው ችግኝ የሚያወጣው ኃይል ለሥርና ለቅርንጫፍ የሚያስፈልገው ነው። በሁለተኛው ዓመት አምስት ፍሬ ያፈራ ችግኝ በአራተኛው ዓመት ቀንጭሮ እናገኘዋለን።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19፣ እስራኤል ወደ ምድራቸው ገብተው ለምግብ የሚሆን ዛፍ በተከሉ ጊዜ ፍሬውን ለሦስት ዓመት እንዳልተገረዘ ቆጥረው እንዳይበሉት፣ የአራተኛው ዓመት ፍሬ ለእግዚአብሔር የተለየ እንዲሆን፣ በአምስተኛው እንዲበሉ ታዝዘዋል። ሕጉ የተሰጠው ለእርሻ ትምህርት ነው ለማለት አንደፍርም፤ የበኩራት ሥርዓት ነውና ትርጓሜው ሌላ ነው። ሆኖም ለጋውን አበባ ለማንሣት እጁ የሚያመነታ ምእመን ይህን ሲሰማ ይበረታታል፤ በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያውን ፍሬ ለቤተ ክርስቲያን የሚያመጣም አይጠፋም።

አበባው ገና እንደወጣ ቢቀነጠስ ዛፉ እንደገና ከጎን ያብባል። ስለዚህ ፍሬው አተር አክሎ እስኪታይ መጠበቅና ያን ጊዜ ዘለላውን ከነግንዱ በመቀስ ማንሣት ይሻላል።

ውኃ፣ ጉዝጓዝና አጥር

ባዶ ሆነው የሚቀሩት ጉድጓዶች ምክንያታቸው ከሞላ ጎደል የመጀመሪያው በጋ ነው። ለአንድ ለጋ ችግኝ በበጋ በሳምንት አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን እንደ ልክ እንውሰድ፤ በአሸዋማ አፈርና በጠራራ ቆላ ከዚህ ይበልጣል። 20 ችግኝ የተከለ አጥቢያ በሳምንት 20 ጀሪካን ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ብናሰላ ከ600 ጀሪካን ይበልጣል። ይህን ውኃ ማን ይሸከማል? ከየት? ይህ ጥያቄ ከተከላው በፊት በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ካልተመለሰ ችግኝ ባይጠየቅ እንመርጣለን። በቤት ከሆነ ልብስና ዕቃ የታጠበበት ውኃ ሳሙና ካልበዛበት ይጠቅማል።

ውኃውን የሚቆጥበው ጉዝጓዝ ነው። ደረቅ ሣር፣ የጤፍ ጭድ ወይም የበቆሎ አገዳ በችግኙ ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል ወፍሮ ይነጠፍ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ግንዱን የነካ ጉዝጓዝ ያበሰብሰዋል፤ ምስጥ በበዛባቸው የምዕራብ ቆላዎች ደግሞ ምስጡን በቀጥታ ወደ ግንዱ ይጋብዛል። ብስባሽ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምት መግቢያና መውጫ፣ አንድ ሁለት ባልዲ ከግንዱ ራቅ ተደርጎ ዙሪያውን ይሰጠው። ያልበሰለ ፋንድያና እበት ሥሩን ያቃጥላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዛፎቹ መካከል ቦሎቄ፣ ሽምብራ ወይም አትክልት መዝራት ይቻላል፤ ለአትክልቱ የሚጠጣው ውኃ ለችግኙም ይደርሳል።

ስለ ፍየል ብዙ ማለት አያሻም፤ አጥር ከጉድጓዱ ይቀድማል።

ነጩ ተባይ

በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው የማንጎ ነጭ ስኬል ዛሬ በብዙ ማንጎ አብቃይ አካባቢ ተዛምቷል። ተባዩ በጣም ትንሽ ነው፤ ሰው የሚያየው በቅጠሉ ላይ የተበተነ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነጠብጣብ ነው። ከዚያ ነጭ ሽፋን ሥር ተቀምጦ የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጣል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይረግፋል፤ ፍሬው ላይ ከተቀመጠም ቀላ ያለ ጠባሳ ትቶ ዋጋውን ያሳጣዋል።

ስለ ገረዛ በተናገርንበት ጽሑፍ ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ተባዩ የሚመቸው የታፈነና ብርሃን የማይገባው ዛፍ ነው። አጭርና ገላጣ ዛፍ ለመመርመርም፣ የተጎዳውን ቅርንጫፍ ለማንሣትም፣ ባለሙያ መድኃኒት ካዘዘም ለመርጨት ይመቻል፤ 12 ሜትር የረዘመ ዛፍ ላይ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ምንም ማድረግ አይቻልም። ተባዩ ካለበት ዛፍ የተገረዘው ቅጠልና ቅርንጫፍ በግቢው አይጎተት፣ ለሌላ ዛፍ ጉዝጓዝም አይሁን፤ እዚያው ይቀበር ወይም ይቃጠል። ከሁሉም በላይ ችግኝ ሲመጣ የቅጠሉ ሆድና ጀርባ ሳይታይ ወደ አጥቢያው አይግባ። ነጥብ የታየበት ችግኝ በነጻ ቢሰጥም ይመለስ። የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን በወረዳው የግብርና ባለሙያ ምክር ብቻ ይሁን፤ አበባ በሚያብብበት ጊዜም አይረጭ። ንብ ያላቸው ገዳማት ይህን በተለይ ያስቡበት፤ ማሩም ለጧፍ የሚሆነው ሰምም ከዚያው አበባ ነው።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ከየአጥቢያው የሚደርሱን ሪፖርቶች ስንት ችግኝ እንደተተከለ በትክክል ይናገራሉ። ከሦስት በጋ በኋላ ስንቱ እንዳለ የሚናገር ግን እምብዛም አናገኝም። ለእኛም ለሰጪውም ለተቀባዩም የሚጠቅመው ሁለተኛው ቁጥር ነው። 200 ችግኝ ተክሎ ከማስመዝገብ 20 ተክሎ ሃያውን ማሳደግ ይበልጣል የሚል አቋም አለን፤ በዕቅድ ግምገማ ላይም እንናገረዋለን። ለእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ተሰጥቶ በአንድ ተራ ደብተር ላይ የተተከለበት ቀን፣ ዝርያው፣ የተገረዘበት ቀንና የተገረዘው ሰው ስም ቢጻፍ ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ጥሩ መቀስና አንድ ትንሽ መጋዝ በዕቃ ቤት ተቀምጦ ለአጥቢያው ቤተሰቦች በተራ ቢሰጥ ለሁሉም ይበቃል።

ኃላፊነቱ ለማን ይሰጥ የሚለው ግን ይታሰብበት። በብዙ ስፍራ ለአብነት ተማሪዎች ይሰጣል። ተማሪዎቹ ትጉሃን ናቸው፤ ሆኖም የአብነት ተማሪ ዜማውን ፈጽሞ ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል፣ ሙያውም አብሮት ይሄዳል። ከተማሪዎቹ ጋር በስፍራው የሚቆይ አንድ ሰው አብሮ መሠልጠን አለበት። በየቤቱ ችግኙን የሚያጠጡትም በአብዛኛው እናቶችና ልጆች ሆነው ሳለ ለገረዛ ሥልጠና የሚጠሩት አባወራዎች ብቻ ናቸው። ችግኙን በየዕለቱ የሚያየው ከጠባሳው በታች የወጣውን ቡቃያ ቀድሞ ያገኘዋልና ጥሪው ለእነርሱም ይድረስ።

ጊዜው ላለፈባቸው ዛፎች

ሳይገረዝ ሁለትና ሦስት ሜትር የደረሰ ወጣት ማንጎ ያላቸው «አሁንስ ዘግይተናል?» ብለው ይጠይቃሉ። አልዘገያችሁም። ግንዱ ክንድ እስኪያክል ድረስ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ላይ በመጋዝ ቢቆረጥ ከግንዱ ያቆጠቁጣል፤ ውኃ ያግኝ እንጂ። ግንዱ ይቀባ፣ ቡቃያውም ከላይ በተገለጸው ሥርዓት ይመረጥ። ትልቁና አሮጌው ማንጎ ግን በአንድ ቀን አይራቆት። ፍሬው እንደተለቀመ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከመካከል ሽቅብ የወጣው አንድ ሦስተኛ ይነሣ፤ በሁለተኛው ዓመት ሌላ አንድ ሦስተኛ፤ በሦስተኛው የቀረው። ከመስከረም በኋላ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ጫፉ ስለማይበስል በዚያው ዓመት ላያብብ ይችላል። በጊዜው የተቆረጠውም ወገን ቢሆን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ፍሬ ያሳንሳል፤ ስለዚህ በዚያ ዛፍ ሽያጭ ላይ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍን ቤተሰብ ቢኖር ይህ አስቀድሞ ይነገረው፤ የትኛው ሦስተኛ መጀመሪያ እንደሚነሣም ከእርሱ ጋር ተመካክሮ ይወሰን።